ለቆሰለች ሀገር መድኃኒት ፍለጋ፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ የሐኪምነትን ሙያ በወጉ ተምረው ያጠናቀቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በመሆን የሚታወቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን ስትወር ዕድሜያቸው 70 ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለሚቆስለው ወገን መድኃኒት፣ ገንዘብና ወዳጅ ፍለጋ ደጅ ይጠኑ ነበር። ለሌሎች ልጆች ሕይወት በባዕድ ሀገር ሲለምኑ፣ የራሳቸው ሁለት ልጆች ደግሞ ከእንግሊዝ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ከአርበኞች ጎን ተሰልፈው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእኚህን ሐኪም ሕይወት፣ በተለይም በጦርነቱ ዓመታት የፈጸሙትን አገልግሎትና የከፈሉትን ዋጋ ለአንባቢያን በአጭሩ ማስተዋወቅ ነው።

ከመቅደላ ወደ ሕንድ

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ነው። ዘመኑ ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ወደ ጠብ የገቡበት ወቅት ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝና ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ወርቅነህ በግርግሩ መካከል ከቤተሰቡ ተነጥሎ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ሕፃኑን አንሥቶ ከጦሩ ጋር ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቻምበርሌን ሞተ። ከዚያ በኋላ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ሸፍኖ በሚስዮናውያን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገ። ልጁም ከሁለቱ መኮንኖች ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ተጠራ። የተወለደበትን ቋንቋ ረሳ፤ የቤተሰቡም ወሬ ከእርሱ ተቋረጠ። በጎንደር የቀሩት ዘመዶቹም በሕይወት ይኑር ይሙት የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ ከሕንድ ወደ ጎንደር የሚደርስ ፖስታ አልነበረም፤ ቢኖርም ልጁ ለማን ብሎ እንደሚጽፍ አያውቅም ነበር።

ወጣቱ ወርቅነህ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ተመረቀ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተጉዞ በኤድንብራ ከተማ ተጨማሪ የሕክምና ትምህርት ቀሰመ። ትምህርቱን እንደፈጸመም በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በበርማ በሐኪምነት ተቀጥሮ ለረጅም ዓመታት አገለገለ።

በጠባሳቸው የታወቁት ሐኪም

የሐኪም ወርቅነህን ልብ ወደ ሀገራቸው የመለሰው የዓድዋ ድል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ያገኘው ድል በዓለም ሲሰማ፣ በበርማ የነበሩት ሐኪም የተወለዱባትን ሀገር ለማየት ቆረጡ። ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው በ1891 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ከዐፄ ምኒልክም ዘንድ በክብር ተቀባይነትን አገኙ።

አዲስ አበባ እንደደረሱ በድንኳን ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። በእንግሊዝኛ የሚናገር፣ መልኩ ግን የሀገር ልጅ የሆነ ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ ፈጥኖ ተሰራጨ። ወሬውም ከመቅደላ በኋላ ልጃቸውን ካጡት ቤተሰቦች ጆሮ ደረሰ። አያታቸው መጥተው በልጅነታቸው በሰውነታቸው ላይ በቀሩት ጠባሳዎች አማካይነት የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን ለዩ። ከ30 ዓመታት በላይ የፈጀው መለያየት በዚህ ሁኔታ ተፈጸመ። ቻርልስ ማርቲን የነበሩት ሰው ወርቅነህ የተባለውን ስማቸውን መልሰው አገኙ፤ የአማርኛ ቋንቋንም እንደ አዲስ መማር ጀመሩ።

የሌሎችን ቁስል መርምሮ የሚያክም ሐኪም በራሱ ጠባሳ ማንነቱ መታወቁ የሕይወት ታሪካቸው ከሚነገርባቸው ነጥቦች ሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ነው። ጦርነት ሕፃናትን ከወላጆቻቸው እንዴት እንደሚነጥል፣ ቤተሰብም ለስንት ዘመን ያለ ወሬ ሊቀመጥ እንደሚችል ሐኪም ወርቅነህ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ከሕክምና ባሻገር የተሰጠ አገልግሎት

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል እየተመላለሱ አገልግለዋል። በ1893 ዓ.ም. በሶማሌ ምድር ከሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ጋር ይዋጋ ከነበረው የኢትዮጵያ ጦር ጋር ዘምተዋል። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮም ለጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ሠርተዋል። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወልደዋል። በበርማ የነበራቸውን አገልግሎት ፈጽመው ጡረታ ሲወጡም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 ጠቅልለው ወደ ሀገራቸው ገቡ።

ሀገራቸው በምትሻቸው መስኮች ሁሉ ተሰማርተዋል። በአዲስ አበባ የፍልውሃን መታጠቢያ አልምተዋል። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ደክመዋል። ተማሪዎች ስለ ዓለም የሚያነቡት ስላልነበራቸው በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በልዩ ፍርድ ቤት ዳኝተዋል።

በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከአንድ የኒውዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል። በዚያው ጉዟቸው ሀርለም በሚባለው ሠፈር ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ የሙያ ባለቤቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ማዕከል አድርገው አውራጃውን ለሌሎች አርአያ በሚሆን አሠራር ለማስተዳደር ጥረት አደረጉ። አዛዥ በሚለው ማዕረግም ይጠሩ ነበር።

የለንደን ሹመት

በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተከሰተ በኋላ ኢጣሊያ በኤርትራና በሶማሊያ ጦር ማከማቸት ጀመረች። ወረራው እንደማይቀር ግልጽ በሆነበት በዚያ ወቅት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሐኪም ወርቅነህን በለንደን የኢትዮጵያ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። የእንግሊዞችን ቋንቋ፣ ልማድና የሥራ አካሄድ ጠንቅቀው የሚያውቁ በመሆናቸው ለቦታው የተመቹ ሰው ነበሩ።

የተቀበሉት ኃላፊነት ከባድ ነበር። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣሊያም ሆነ ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ እንዳይሰጥ ወሰነ። ውሳኔው ለሁለቱም ወገኖች እኩል ይመስል እንጂ የጎዳው ኢትዮጵያን ነበር። ኢጣሊያ መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዎቿ ትሠራ ነበርና። ይህ ክልከላ ለኢትዮጵያ የተነሣው ወረራው ከተጀመረ በኋላ በመሆኑ ብዙ ወሳኝ ጊዜ ባከነ።

ሐኪም ወርቅነህ በለንደን አዳራሾች በተደረጉ ስብሰባዎች ስለ ሀገራቸው ተናገሩ፤ ለጋዜጦች መግለጫ ሰጡ፤ ብድር እንዲገኝ ባንኮችንና ባለሀብቶችን ጠየቁ። ብዙ ሰው በአዘኔታ ሰማቸው፤ የጠየቁትን ብድር ግን የሚሰጥ አልተገኘም።

መድኃኒት ፍለጋ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የነበራት የሕክምና አገልግሎት እጅግ የተወሰነ ነበር። በአዲስ አበባ የምኒልክ ሆስፒታልና ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል፣ በጥቂት ከተሞችም በሚስዮናውያን የሚመሩ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ነበሩ። ለሠራዊቱ የተደራጀ የጦር ሜዳ ሕክምና ግን አልነበረም። ሐኪም የሆኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ፤ መስከረም 1928 ዓ.ም. ደግሞ በጄኔቭ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ዕውቅና አገኘ። አዲሱ ማኅበር ስምና ምልክት ነበረው እንጂ ድንኳን፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ፣ ፋሻ፣ አምቡላንስና ሐኪም አልነበረውም። እነዚህ ሁሉ ከውጭ መምጣት ነበረባቸው። ስለሆነም በየሀገሩ ያሉ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ሥራ የፖለቲካ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት ማሰባሰብም ሆነ። ለሐኪም ወርቅነህ ይህ ከሌሎቹ ይልቅ ቅርብ ነበር። የሚጠይቁት ዕቃ ምን እንደሚያድን፣ ሲጎድልም ምን እንደሚያስከትል በዓይናቸው አይተውታልና።

ጥሪው በብዙ ሀገሮች ሰሚ አገኘ። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድ፣ ኔዘርላንድ፣ ግብፅና እንግሊዝ የሕክምና ቡድኖችን ላኩ። በኒውዮርክ በሀርለም የሚኖሩ ጥቁር ሐኪሞችና ነርሶች ገንዘብ አሰባስበው ለ75 አልጋ የሚሆን የጦር ሜዳ ሆስፒታል መሣሪያ እንዲላክ አደረጉ። በእንግሊዝ ደግሞ ወጣቱ ሐኪም ጆን ሜሊ ያቋቋመው የእንግሊዝ አምቡላንስ አገልግሎት ሐኪሞችን፣ የጭነት መኪናዎችንና መድኃኒቶችን ይዞ ወደ ሰሜን ግንባር ተጓዘ።

እርዳታው ከአውሮፓ ተነሥቶ ቁስለኛው ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፈው መንገድ ረጅም ነበር። በመርከብ የስዊዝን ቦይ ተሻግሮ ጅቡቲ ወይም በርበራ ይራገፋል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ 784 ኪሎ ሜትር በባቡር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአስቸጋሪ መንገድ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያም በበቅሎ ይጫናል። በለንደን የተገኘ አንድ ሣጥን ፋሻ ከቁስለኛው ዘንድ ሲደርስ ሳምንታት ያልፋሉ። ቁስለኛው ግን ሳምንታት አልነበሩትም።

በቀይ መስቀል ምልክት ሥር

የተላከው እርዳታም ደኅንነት አላገኘም። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲደበድቡ በከተማው የነበረው የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን የሕክምና ቡድን ተደበደበ። በድንኳን ውስጥ ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ቁስለኞችና አንድ ስዊድናዊ የጤና ሠራተኛ ሕይወታቸውን አጡ። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ በቆረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ አምቡላንስ ተደበደበ። የቀይ መስቀል ምልክት በግልጽ ተዘርግቶ መታየቱ ሕሙማኑን አላዳናቸውም።

ከዚህ የከፋው የመርዝ ጋዝ ነበር። ኢጣሊያ በ1925 የጄኔቭ ስምምነት የመርዝ ጋዝን በጦርነት ላለመጠቀም ቃል የገባች ሀገር ሆና ሳለ፣ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን ኬሚካል በሠራዊቱና በገበሬው ላይ አዘነበች። ጋዙ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ይጎዳል። ጋዙ ያረፈበትን ሣርና አፈር በባዶ እግሩ የረገጠ ወታደር እግሩ ይቆስላል። በጋዙ የተመረዘውን የወንዝ ውኃ የጠጣም ይሞታል። ለጥይት ቁስል የተዘጋጀው መድኃኒት ለዚህ አይበቃም፤ የጋዝ መከላከያ ጭምብልም ለሠራዊቱ አልተዳረሰም። በለንደን የሚቀርበው የእርዳታ ጥሪ ከዚያ በኋላ አቤቱታም ሆነ። የሚለመነው የቃጠሎ ቅባትና ፋሻ ብቻ አልነበረም፤ የተፈረመ ስምምነት እንዲከበርም ነበር።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት በኢትዮጵያ ሠራዊት ሽንፈት ተደመደመ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በፊት በነበሩት የሁከት ቀናት በከተማው ጎዳናዎች ቁስለኞችን ሲያነሣ የነበረው ዶክተር ሜሊ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ከእንግሊዝ ሕዝብ ከተገኙት ወዳጆች መካከል አንዱ እንዲህ ለኢትዮጵያውያን ሕይወቱን ሰጠ።

በደብዳቤ የተያያዘ ቤተሰብ

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ለንደን ሲደርሱ ሐኪም ወርቅነህ በዚያ የሀገራቸው ሚኒስትር ነበሩ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኢትዮጵያ ለመከላከያ የሚሆን የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ማኅበሩ እንዲደግፍላት ያቀረበችው ጥያቄ ለድምፅ ሲቀርብ፣ የደገፈችው ራሷ ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። በኢጣሊያ ላይ የተጣለውም ማዕቀብ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የሌጋሲዮኑ ሥራ የቀረው በወረቀት ላይ ነበር። ለእንግሊዝ ሹማምንት፣ ለጋዜጦች፣ ለኢትዮጵያ ወዳጆችና ለእርዳታ ማኅበራት ማመልከቻና ደብዳቤ ይጻፋል። ሐኪም ወርቅነህ መጻፍን ከድሮም የለመዱት ነበር። ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ የዕለት ማስታወሻ ይይዙ ስለነበር፣ የሕይወታቸውንና የዘመናቸውን ታሪክ የጻፉ ምሁራን ዋና ምንጫቸው አድርገውታል። ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክኸርስት አዲስ አበባ በተያዘችበት ወር ያቋቋመችው የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያሰማ ጋዜጣም ለዚህ ትግል መድረክ ሆነ።

ወደ ሀገር ቤት መጻፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። የአዲስ አበባ ፖስታ ቤት በጠላት እጅ ገብቷል። በምዕራብ በጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ አስተዳደር ለጥቂት ወራት ቆይቶ በከተማው ባለው የእንግሊዝ ቆንስላ በኩል መልእክት ይለዋወጥ ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው መንገድ በሱዳን ወይም በጅቡቲ በኩል በሰው እጅ የሚያልፍ ወረቀት ነው፤ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። ልጅ በጫካ፣ አባት በለንደን በሚኖርበት በዚያ ዘመን አንድ ደብዳቤ መድረሱ ልጁ በሕይወት መኖሩን፣ ዝምታው ደግሞ የተፈራውን ሁሉ ያመለክት ነበር። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሕፃንነታቸው የደረሰባቸው የመለያየት ዕጣ በእርጅናቸው በሌላ ጦርነት ተመልሶ መጣባቸው። በዚያን ጊዜ ወሬ የሚጠብቁት ዘመዶቻቸው ነበሩ፤ አሁን የሚጠብቁት እርሳቸው ሆኑ።

ብንያምና ዮሴፍ

ከልጆቻቸው መካከል ብንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ ሀገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ሀገራቸው ስትወረር በሰላም በሚኖሩበት ሀገር መቆየት ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በወለጋ በነቀምቴ የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ድርጅት አባላት ሆኑ።

ጥቁር አንበሳ የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና በውጭ ሀገር የተማሩ ወጣቶች የተሰባሰቡበት ድርጅት ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ በእንግሊዝ ሀገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። ድርጅቱ አባላቱ ገበሬን እንዳይበድሉ፣ የተማረከ ጠላት እንዳያንገላቱ፣ ሀገራቸውንም ትተው እንዳይሰደዱ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ለንደን ያለው አባት ለቁስለኛና ለምርኮኛ የሚገባውን ክብር የሚያስጠብቅ የዓለም ሕግ ይፈጸም ዘንድ ሲሟገት፣ ልጆቹ ያንኑ ሥርዓት በጫካ ደንብ አድርገው መያዛቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የዓለም ኃያላን ያልጠበቁትን ቃል መጠለያና ስንቅ ያጡ ወጣቶች ለመጠበቅ ተስማምተው ነበር።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ወጣቶቹ ከነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ያረፉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖችን ከነተሳፋሪዎቻቸው አጠቁ። ከዚያ በኋላ በራስ እምሩ መሪነት ወደ ደቡብ ምዕራብ እየተዋጉ ተጓዙ። ጥይት፣ ምግብና መድኃኒት አለቀባቸው። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡና ወደ ኢጣሊያ በግዞት ተወሰዱ። ከጥቁር አንበሳ አባላትም ብዙዎቹ በጠላት እጅ ወደቁ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። በዚያው ዕለት ተጀምሮ ለሦስት ቀናት በቀጠለው ጭፍጨፋ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ከዚያም በኋላ ፋሺስቶች የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እየለቀሙ ገደሉ። ከእነዚህ ሰማዕታት መካከል ብንያም ወርቅነህና ዮሴፍ ወርቅነህ ይገኙበታል።

ሐኪም ወርቅነህ ለብዙ ልጆች ያስተማሩ፣ ለብዙ ልጆች ያከሙ፣ ለብዙ ልጆች መድኃኒት የለመኑ አባት ነበሩ። የገዛ ልጆቻቸውን ግን በሕመማቸው ሊያስታምሟቸው፣ በሞታቸውም ሊቀብሯቸው አልቻሉም። ሐዘናቸው በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባና በየአውራጃው ልጁን ከቀበረው፣ ወይም የልጁን መቃብር ካጣው ኢትዮጵያዊ ወላጅ ሐዘን ጋር አንድ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ይዞታ በሕግ ሲያውቅ፣ በለንደን የነበረው የኢትዮጵያ ውክልና ተስፋ የጨለመበት ሰዓት ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በስደቱ ዘመን ያደጉባትንና የተማሩባትን ሕንድን ተመልሰው አይተዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡና ሀገሪቱ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ እርሳቸውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

የተመለሱባት ሀገር የጤና አገልግሎቷን እንደ አዲስ መገንባት ነበረባት። በጦርነቱ ዘመን በእንግሊዝ የተደረገው የእርዳታ ማሰባሰብ ግን ከነፍሬው አልጠፋም። በለንደን በስደት ሳለች የነርስነትን ሙያ ተምራ የተመረቀችው ልዕልት ፀሐይ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ስታርፍ፣ ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክኸርስትና ወዳጆቿ ለመታሰቢያዋ ሆስፒታል የሚሆን ገንዘብ አሰባሰቡ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም ወርቅነህ በሕይወት ሳሉ ሥራውን ጀመረ። የዛሬው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል መነሻው እርሱ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ ሕፃን የነበሩት ሰው የምኒልክን ዘመን፣ የዓድዋን ድል ፍሬ፣ የፋሺስትን ወረራና ነጻነትን አይተው ሕይወታቸው ተፈጸመ።

ለዛሬው ትውልድ

ዛሬ በአዲስ አበባ ሕክምና ፈልጎ ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል የሚሄድ ታካሚ ሁለት ታሪኮች በአንድ ቦታ ይጠብቁታል። ሆስፒታሉ በመጀመሪያ ቤተ ሳይዳ ተብሎ የተሠራውና ከጣሊያን ወረራ በፊት ሀገሪቱ ከነበሯት ጥቂት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። አሁን የሚጠራበት ስም ደግሞ የሰማዕታቱን ቀን፣ ብንያምንና ዮሴፍን ከወላጆቻቸው የነጠለውን የዚያን ወቅት ግፍ ያስታውሳል።

የጤና አገልግሎት ከሐኪሙ እጅ በፊት የሚጀምር ነው። ፋሻው ከየት ይምጣ፣ መድኃኒቱ በማን ይገዛ፣ በምን መንገድ ይድረስ የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መልስ ይሻሉ። በ1928 ዓ.ም. የነዚህ ጥያቄዎች መልስ በሌላ ሀገር ደጅ ይፈለግ ነበር፤ መልሱ በዘገየበት ቀንም ሰው ይሞት ነበር። ሐኪም ወርቅነህ የሕይወታቸውን የመጨረሻ ብርታት ያፈሰሱት በዚህ ሥራ ላይ ነው። የሌላውን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ ቆጥረው ደጅ ጠኑ፤ የራሳቸውንም ልጆች እንደ ሌላው ልጅ ለሀገር ሰጡ። ስማቸው በኢትዮጵያ የሕክምናና የዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥ በክብር ሲታወስ ይኖራል።